ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ፦ የአየር ርቀትንና የበረራ ሰዓትን ሳይሳሳቱ ማስላት

ቲኬቱ እሁድ 22:30 ከአዲስ አበባ መነሻ፣ ሰኞ 08:05 ዋሽንግተን መድረሻ ይላል። ብዙ ሰው አንዱን ከሌላው ይቀንስና «9 ሰዓት ተኩል ነው» ይላል። ጉዞው ግን 16 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ይፈጃል። ሌላው ደግሞ ከካርታ ላይ በማስመሪያ ይለካና 13,000 ኪሎ ሜትር ያገኛል፤ ትክክለኛው 11,563 አካባቢ ነው። በዚህ የተነሳ እንግዳ ተቀባይ በተሳሳተ ሰዓት ኤርፖርት ይቆማል፣ መድኃኒት የሚወስድ ተጓዥ ሰዓቱን ያዛባል፣ አንዳንዱም በረራው ሄዶ በማግስቱ ቦሌ ይመጣል።

ስህተቱ የሚመጣው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ በመቀላቀል ነው፦ በመሬት ገጽ ላይ ያለው ርቀት፣ አውሮፕላኑ ጉዞውን ለመጨረስ የሚፈጅበት ጊዜ፣ በየከተማው ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት። ሦስቱን በየተራ ሥሩ። ከታች ያለው ምሳሌ የቦሌና የደለስ መስመር ነው፤ አካሄዱ ግን ለማንኛውም ሁለት ኤርፖርቶች ያገለግላል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሳይንና ኮሳይን ያለው ካልኩሌተር አዘጋጁ። በብዙ ስልኮች ላይ ካልኩሌተሩን ከፍታችሁ ስልኩን ወደ ጎን ስታዞሩት ቁልፎቹ ይወጣሉ። ወረቀት፣ እስክሪብቶና ቲኬቱ አጠገባችሁ ይሁኑ።

መጀመሪያ ካልኩሌተሩን ፈትሹ። ሳይን 30 ብላችሁ አስገቡ። 0.5 ካወጣ በዲግሪ እየሠራ ነው፤ ቀጥሉ። −0.988 ካወጣ በራዲያን (በሌላ የማዕዘን መለኪያ) ላይ ነው፤ ወደ ዲግሪ ሳትቀይሩ አንድም ቁጥር አታስገቡ። በኤክሴል የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ኤክሴል ማዕዘንን ሁልጊዜ በራዲያን ነው የሚቀበለው፤ እያንዳንዱን ዲግሪ በ57.2958 አካፍላችሁ አስገቡ።

ደረጃ 1፦ ኤርፖርቱን ለዩ፣ ከተማውን አይደለም

«ዋሽንግተን» አንድ ኤርፖርት አይደለም። አካባቢው ሦስት ትልልቅ ኤርፖርቶች አሉት፦ ደለስ (አይ-ኤ-ዲ)፣ ሬገን (ዲ-ሲ-ኤ) እና ባልቲሞር-ዋሽንግተን (ቢ-ደብሊው-አይ)። ከአዲስ አበባ የሚመጣው በረራ የሚያርፈው ደለስ ነው። ደለስ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከከተማው መሃል ወደ ምዕራብ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ሬገን ግን ከተማው ጥግ፣ ወንዙ ዳር ነው። ለርቀት ስሌቱ ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ሰው ለመቀበል ለሚሄድ ግን የአንድ ሰዓት መኪና ስህተት ሊሆን ይችላል። ቲኬቱ ላይ ያሉትን ሦስት ፊደላት አንብቡ። የቦሌው ኤ-ዲ-ዲ ነው።

ደረጃ 2፦ የሁለቱን ቦታዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ያዙ

ጉግል ማፕ ላይ ኤርፖርቱን ፈልጉ። በኮምፒውተር ከሆነ መንደርደሪያው ላይ በማውዙ የቀኝ ቁልፍ ጠቅ አድርጉ፤ ከሚወጣው ዝርዝር አናት ላይ ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ። በስልክ ከሆነ ቦታውን ተጭናችሁ ያዙት። የመጀመሪያው ቁጥር ኬክሮስ፣ ሁለተኛው ኬንትሮስ ነው። ሦስት አሃዝ ከነጥቡ በኋላ ይበቃል።

ቦሌ፦ ኬክሮስ 8.978፣ ኬንትሮስ 38.799
ደለስ፦ ኬክሮስ 38.945፣ ኬንትሮስ −77.456

የመቀነስ ምልክቷን አትጣሏት። ከግሪንዊች በስተ ምዕራብ ያለ ኬንትሮስ፣ እንዲሁም ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ያለ ኬክሮስ ሁልጊዜ ኔጋቲቭ ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ በብዛት የሚፈጠረው ስህተት ይህ ነው። ደለስን ያለ ምልክቱ ካስገባችሁት ቦታው አሜሪካ መሆኑ ይቀርና ምዕራብ ቻይና፣ ካሽጋር አካባቢ ይሆናል።

አንዳንድ ምንጭ ቁጥሩን በዲግሪ፣ በደቂቃና በሴኮንድ ይሰጣል፤ ለምሳሌ 38 ዲግሪ ከ56 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ። ይህን 38.5640 ብላችሁ አትጻፉ። ደቂቃውን በ60፣ ሴኮንዱን በ3,600 አካፍላችሁ ደምሩ፦ 38 + 0.9333 + 0.0111 = 38.9444። በስህተት የተጻፈው ቁጥር ኤርፖርቱን 42 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ያንሸራትተዋል።

ደረጃ 3፦ ርቀቱን አስሉ

ምድር ክብ ናት፤ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር በምድር ላይ አጭሩ መንገድ አይደለም። አጭሩ መንገድ በሁለቱ ነጥቦች በሚያልፍና መሃሉ ከምድር መሃል ጋር አንድ በሆነው ትልቅ ክብ ላይ ያለው ቅስት ነው። እያንዳንዱን መስመር ስትጨርሱ ውጤቱን ከዚህ ጋር አስተያዩ፤ ካልገጠመ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

1. የኬንትሮሶቹን ልዩነት አውጡ።
38.799 − (−77.456) = 116.255
ኔጋቲቭን መቀነስ መደመር ነው። ውጤቱ ከ180 ከበለጠ ከ360 ቀንሱት፤ ይህ የሚያጋጥመው ፓስፊክን ለሚያቋርጡ መስመሮች ነው።

2. የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን አባዙ።
ሳይን 8.978 = 0.1561፤ ሳይን 38.945 = 0.6286
0.1561 × 0.6286 = 0.0981

3. የሁለቱን ኬክሮሶች ኮሳይንና የኬንትሮስ ልዩነቱን ኮሳይን አባዙ።
ኮሳይን 8.978 = 0.9877፤ ኮሳይን 38.945 = 0.7778፤ ኮሳይን 116.255 = −0.4424
0.9877 × 0.7778 × (−0.4424) = −0.3399

4. ሁለቱን ደምሩ።
0.0981 + (−0.3399) = −0.2418

5. የኮሳይን ተገላቢጦሽ ውሰዱ። ካልኩሌተሩ ላይ «ሁለተኛ» የሚለውን ቁልፍ ቀድማችሁ ኮሳይንን ተጫኑ።
ውጤቱ 103.99 ዲግሪ ነው።

6. በ111.195 አባዙ። ይህ ቁጥር የምድር አማካይ ሬዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ሲሆን በትልቁ ክብ ላይ አንድ ዲግሪ የሚይዘው ርዝመት ነው።
103.99 × 111.195 = 11,563 ኪሎ ሜትር

ምድር ፍጹም ድቡልቡል ስላልሆነች ይህ ስሌት እስከ ግማሽ በመቶ ሊስት ይችላል። በዚህ መስመር ላይ ያ ቢበዛ 58 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም የአራት ደቂቃ በረራ ነው፤ አትጨነቁበት።

ማይል የትኛው ማይል ነው?

11,563 ኪሎ ሜትር በመንገድ ማይል 7,185 ነው (በ1.609344 አካፍሉ)። በባሕር ማይል ግን 6,244 ነው (በ1.852 አካፍሉ)። ፓይለቶችና የበረራ ሰነዶች የሚጠቀሙት የባሕር ማይልን ነው፤ ፍጥነቱም በኖት ይነገራል፣ አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ማለት ነው። 6,244ን እንደ መንገድ ማይል ቆጥራችሁ ወደ ኪሎ ሜትር ከቀየራችሁት 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠፋባችኋል። ቁጥር ስትወስዱ ከጎኑ ያለውን መለኪያ አብራችሁ ጻፉ።

ስሌታችሁ እንደሠራ አረጋግጡ

ወደ ደረጃ 4 ከማለፋችሁ በፊት እነዚህን ሁለት መስመሮች በራሳችሁ አስሉ፦

ቦሌ – ዱባይ (25.253፣ 55.364)፦ 2,519 ኪሎ ሜትር መውጣት አለበት።
ቦሌ – ቴል አቪቭ ቤን ጉሪዮን (32.011፣ 34.887)፦ 2,593 ኪሎ ሜትር መውጣት አለበት።

ከጥቂት ኪሎ ሜትር በላይ ከተለየ የሚከተለውን ተመልከቱ።

ርቀቱ ሲበላሽ

ለቦሌና ደለስ 5,085 ኪሎ ሜትር ካገኛችሁ የደለስን የመቀነስ ምልክት ረስታችኋል።

200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ካገኛችሁ የመጨረሻው ማዕዘን በራዲያን ወጥቷል፤ 1.815 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። በ111.195 ሳይሆን በ6,371 አባዙት፤ ወይም ካልኩሌተሩን ወደ ዲግሪ መልሱ።

13,350 ካገኛችሁ ዲግሪዎቹን እንደ ጠፍጣፋ ሜዳ ቆጥራችኋል። አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ ምድር ወገብ ላይ 111 ኪሎ ሜትር ነው፤ በደለስ ኬክሮስ ላይ ግን 87 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ወደ ዋልታ ሲጠጉ መስመሮቹ ይቀራረባሉ። ይህ ስህተት ብቻውን በበረራው ላይ ሁለት ሰዓት ይጨምራል።

ካልኩሌተሩ «ስህተት» ብሎ ከቆመ በመስመር 4 ያገኛችሁት ቁጥር ከ1 በላይ ወይም ከ−1 በታች ነው። ይህ በትክክለኛ ስሌት ሊሆን አይችልም፤ ከመስመር 2 ጀምሩ።

በእጅ ማስላት የማትፈልጉ ከሆነ ጉግል ማፕ ላይ «ርቀት ለካ» የሚለውን ተጠቀሙ፤ ቅስቱን ራሱ ይከተላል። መስመሩ ጎብጦ ሲታይ ተሳስቷል ብላችሁ አታስተካክሉት።

ደረጃ 4፦ አውሮፕላኑ በእውነት የሚሄድበትን መንገድ ጨምሩ

11,563 ዝቅተኛው ርቀት ነው። ቅስቱ ከቦሌ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሳል፤ ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ የቱኒዚያን ደቡብና አልጄሪያን ያቋርጣል፤ በስፔንና በፖርቹጋል ላይ አልፎ አትላንቲክ ውስጥ ይገባል። ውቅያኖሱ መሃል ላይ 45 ዲግሪ ኬክሮስ ድረስ ይወጣል፤ ከሁለቱም ከተሞች ይልቅ ወደ ሰሜን ማለት ነው። ይህን ካርታው ላይ የሚያይ ሰው «ለምን ይዞራል?» ይላል። አይዞርም፤ አጭሩ ያ ነው።

ዞሮ ዞሮ አውሮፕላን ቅስቱን እንዳለ አይከተልም። የተሰመሩ የአየር መንገዶች፣ መጥፎ አየር፣ የተዘጋ ሰማይ አለ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2023 በሱዳን ጦርነት ሲጀመር የአገሪቱ ሰማይ ለሲቪል በረራ ተዘጋ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚበሩ አውሮፕላኖች በቀይ ባሕር ወይም በምዕራብ በኩል ለመዞር ተገደዱ። የካርታ ርቀቱ አንድ ኪሎ ሜትር ሳይለወጥ የበረራው ሰዓት ረዘመ።

ስለዚህ፦
በተለመደው ሁኔታ 3 በመቶ ጨምሩ፦ 11,563 × 1.03 = 11,910 ኪሎ ሜትር።
በመንገዱ ላይ የተዘጋ ሰማይ መኖሩን ካወቃችሁ 5 በመቶ ጨምሩ፦ 12,141 ኪሎ ሜትር።

መሃል ላይ ማረፊያ ካለ ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ አስሉ። በደብሊን (53.421፣ −6.270) በኩል ቢሆን ቦሌ – ደብሊን 6,365፣ ደብሊን – ደለስ 5,464 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ድምሩ 11,829። ከቀጥታው የሚበልጠው በ266 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ ማረፊያ ያለው በረራ የሚረዝመው በርቀቱ አይደለም፤ በመውረዱ፣ በመቆሙና እንደገና በመነሳቱ ነው። የማረፊያው ከተማ በየጊዜው ሊለወጥ ስለሚችል ከቲኬታችሁ ላይ አንብቡ።

ደረጃ 5፦ ፍጥነቱን ምረጡ

ቲኬቱ ወይም ቦታ ስትመርጡ የሚወጣው ገጽ የአውሮፕላኑን ዓይነት ይነግራችኋል። በሰዓት በኪሎ ሜትር፦

ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350፦ 900 ገደማ
ቦይንግ 777፦ 890 ገደማ
ቦይንግ 737፦ 840 ገደማ
ኪው400 (በአገር ውስጥ የሚበረው ባለ ፕሮፔለር)፦ እስከ 667

እነዚህ በአየሩ ውስጥ ያሉ ፍጥነቶች ናቸው። 787 በድምፅ ፍጥነት 0.85 ይበራል፤ በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የድምፅ ፍጥነት ወደ 1,062 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ የዚያ 0.85 ደግሞ 903 ነው። መሬት ላይ ከሚለካው የድምፅ ፍጥነት ጋር አታባዙ፤ ይበዛል።

አሁን ነፋሱን አስገቡ። በሰሜን አትላንቲክ ላይ ከፍታው ላይ ያለው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ክረምት ይበረታል። ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ስትመጡ ይገፋችኋል፤ ስትሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማችኋል። ለግምት ከ787ቱ 903 ተነስታችሁ እነዚህን ውሰዱ፦

ደለስ – ቦሌ፦ 40 ጨምሩ፣ 943
ቦሌ – ደብሊን፦ 20 ቀንሱ፣ 883
ደብሊን – ደለስ፦ 90 ቀንሱ፣ 813

በጃንዋሪ ወይም በፌብሩዋሪ የምትጓዙ ከሆነ ለአትላንቲኩ ክፍል ከ90 ይልቅ 120 ቀንሱ። አንዱን አማካይ ፍጥነት ለመሄጃውም ለመመለሻውም መጠቀም ትልቅ ስህተት ነው።

ደረጃ 6፦ የጉዞውን ጊዜ አውጡ

ርቀቱን በፍጥነቱ አካፍሉ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ መነሳትና ማረፍ 30 ደቂቃ ጨምሩ። ይህ ለመውጣት፣ ለመውረድና መሬት ላይ ለመንደርደር የሚባክነው ጊዜ ነው። ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከበሩ ከተንቀሳቀሰበት ጀምሮ መድረሻው በር ላይ እስኪቆም ስለሆነ ይህን ካልጨመራችሁ ከቲኬቱ ጋር ፈጽሞ አይገጥምም።

ደለስ – ቦሌ በቀጥታ፦
11,910 ÷ 943 = 12.63

እዚህ ላይ ቆም በሉ። 12.63 ማለት 12 ሰዓት ከ63 ደቂቃ አይደለም። ከነጥቡ በኋላ ያለውን በ60 አባዙ፦ 0.63 × 60 = 38። ስለዚህ 12 ሰዓት ከ38 ደቂቃ፤ 30 ሲጨመር 13 ሰዓት ከ8 ደቂቃ።

ቦሌ – ደለስ በደብሊን በኩል፦
6,365 × 1.03 = 6,556፤ ÷ 883 = 7.42፤ ማለትም 7 ሰዓት ከ25፤ ከ30 ጋር 7 ሰዓት ከ55።
መሬት ላይ መቆያ፦ 1 ሰዓት ከ15።
5,464 × 1.03 = 5,628፤ ÷ 813 = 6.92፤ ማለትም 6 ሰዓት ከ55፤ ከ30 ጋር 7 ሰዓት ከ25።
ድምር፦ 16 ሰዓት ከ35 ደቂቃ።

ሲኬድ ማረፊያ ኖሮት ሲመለስ በቀጥታ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበትም ክንፉ የሚያነሳው ክብደትም ይቀንሳል፤ ሙቀት ሲጨመር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ፣ ሙሉ መንገደኛና ጭነት አንድ ላይ ይዞ መነሳት ያስቸግረዋል፤ መንገድ ላይ ወርዶ ይቀዳል። ደለስ ግን ከባሕር ወለል በላይ 95 ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ ሙሉ ነዳጅ ጭኖ ይነሳል፤ ነፋሱም ያግዘዋል። የመመለሻውን ሰዓት አይታችሁ መሄጃውም ያው ነው ብላችሁ ለቤተሰብ አትንገሩ።

ደረጃ 7፦ ወደ ሰዓት ቀይሩ

ሕጉ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት፣ ወደ ዩቲሲ አምጡ፤ ደምሩ፤ ከዚያ ወደ መድረሻው ሰዓት መልሱ። ሁለት ከተሞችን በቀጥታ አታቀናንሱ።

ኢትዮጵያ፦ ዩቲሲ + 3፣ ዓመቱን ሙሉ።
ዋሽንግተን፦ በበጋቸው ዩቲሲ − 4፣ በክረምታቸው ዩቲሲ − 5።

አሜሪካኖች ሰዓታቸውን በማርች ሁለተኛ እሁድ አንድ ሰዓት ወደፊት ያደርጉና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ይመልሱታል። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መሃል ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ልዩነት 7 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውጭ 8። አውሮፓ ደግሞ የሚቀይረው በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሁዶች ነው፤ ስለዚህ በማርች ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት፣ በኦክቶበር መጨረሻ ደግሞ አንድ ሳምንት ትራንዚቱ ከተማና ዋሽንግተን ያልለመዳችሁትን ልዩነት ይይዛሉ። ዱባይ (+4) እና ሪያድ (+3) አይቀይሩም።

*መሄጃ፣ በጁላይ።* እሁድ 22:30 ከቦሌ።
22:30 − 3 = 19:30 ዩቲሲ።
19:30 + 16:35 = 36:05። 24 ስትቀንሱ 12:05 ዩቲሲ፣ ሰኞ።
12:05 − 4 = 08:05 ሰኞ፣ ደለስ። ያው በረራ በጃንዋሪ ቢሆንና የጉዞው ጊዜ ባይለወጥ 07:05 ይሆናል።

*መመለሻ፣ በጁላይ።* ማክሰኞ 11:00 ከደለስ።
11:00 + 4 = 15:00 ዩቲሲ።
15:00 + 13:08 = 28:08፤ 24 ሲቀነስ 04:08 ዩቲሲ፣ ረቡዕ።
04:08 + 3 = 07:08 ረቡዕ፣ ቦሌ።

24 በቀነሳችሁ ቁጥር ቀኑን አንድ ወደፊት አድርጉ። ቲኬት ላይ ከመድረሻው ሰዓት ጎን የምታዩት «+1» ይህንን ነው የሚለው። መደመሩን በደቂቃና በሰዓት ለየብቻ ሥሩ፤ ካልኩሌተር ላይ 19.30 + 16.35 ብላችሁ ብታስገቡ 35.65 ይላችኋል፤ 65 ደቂቃ ግን አንድ ሰዓት ከ5 ነው።

ደረጃ 8፦ ወደ እኛ ሰዓት አቆጣጠር

የቤተሰብ ወሬ ላይ አብዛኛው ጥፋት እዚህ ይመጣል። ቲኬት በ24 ሰዓት ወይም በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋል፤ እናታችሁ የምትጠይቃችሁ ግን በሐበሻ ሰዓት ነው።

ከ06:00 እስከ 17:59፦ 6 ቀንሱ። 08:05 ከጠዋቱ 2:05 ነው።
ከ18:00 እስከ 23:59፦ 18 ቀንሱ። 22:30 ከምሽቱ 4:30 ነው።
ከ00:00 እስከ 05:59፦ 6 ጨምሩ። 01:30 ከሌሊቱ 7:30 ነው።
መልሱ 0 ከሆነ 12 በሉት፤ 06:20 ከጠዋቱ 12:20 ነው።

ሁልጊዜ «ከጠዋቱ»፣ «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ» የሚለውን አብራችሁ ተናገሩ፤ የየትኛውን ከተማ ሰዓት እንደሆነም ጨምሩ። «2 ሰዓት ይደርሳል» የሚል መልእክት ብቻውን ለአራት የተለያዩ ሰዓቶች ሊተረጎም ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ የእኩለ ሌሊት በረራ

በቲኬት ላይ ቀኑ የሚለወጠው በ00:00 ነው፤ በእኛ አነጋገር ግን ሲነጋ። ቲኬታችሁ «ማክሰኞ 01:30» ካለ ያ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው። ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ መድረስ ካለባችሁ ቦሌ መገኘት ያለባችሁ ሰኞ ከምሽቱ 4:30 ላይ ነው። ማክሰኞ ማታ ብትመጡ በረራው ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው፤ ቲኬቱም እንዳልቀረባችሁበት ተቆጥሮ ሊቃጠል ይችላል። ከ00:00 እስከ 05:59 የሚነሳ ማንኛውንም በረራ ለቤተሰብ ስትናገሩ ሁለቱንም ቀኖች ጥሩ፦ «ሰኞ ማታ፣ ለማክሰኞ አጥቢያ»።

ቀኑም የፈረንጅ ነው። ከኢትዮጵያ ቀን ጋር ያለው ልዩነት በየወሩ ስለሚለያይ ቋሚ ቁጥር እየቀነሳችሁ አትቀይሩ፤ ሁለቱንም የሚያሳይ የቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ።

ደረጃ 9፦ ከእውነተኛው በረራ ጋር አስተያዩ

ፍላይትራዳር24 ወይም ፍላይትአዌር ላይ የበረራ ቁጥሩን አስገቡና ያለፉትን ቀናት ተመልከቱ። የአንዱን ቀን ብቻ አትውሰዱ፤ አምስት ስድስት ቀን አይታችሁ መሃለኛውን ያዙ። እዚያ «የበረራ ጊዜ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከመነሳት እስከ ማረፍ ያለውን ብቻ ስለሆነ ከቲኬቱ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ቢያንስ አትደንግጡ።

አሁንም ልዩነት ካለ፦

አንድ ሰዓት ተስቷል፦ የአሜሪካን የበጋ ሰዓት አልቀየራችሁም ወይም በተሳሳተ ወር ቀይራችኋል።

ስድስት ወይም አሥራ ሁለት ሰዓት ተስቷል፦ የሐበሻና የፈረንጅ ሰዓት ተቀላቅሏል፤ ወይም ጠዋትና ማታ ተለዋውጧል። በተለይ 12:30 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሲሆን 00:30 መሆኑን፣ ከእኩለ ቀን በኋላ ሲሆን 12:30 መሆኑን ፈትሹ።

ቲኬቱ ከስሌታችሁ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይረዝማል፦ አየር መንገዶች ለመዘግየት የሚሆን ትርፍ ጊዜ ያስገባሉ። ስሌታችሁ ትክክል ነው፤ ለቀጠሮ ግን የቲኬቱን ተጠቀሙ።

ከሁለት ሰዓት በላይ ይረዝማል፦ ያላያችሁት ማረፊያ አለ፤ ወይም ቲኬቱ የሰጠው ሙሉ ጉዞውን ከትራንዚት ቆይታው ጋር ነው። ዝርዝሩን ከፍታችሁ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ከደረጃ 2 ጀምሩ።

አውሮፕላኑ ቶሎ ደርሷል፦ ከኋላ የሚገፋው ነፋስ ከገመታችሁት በርትቷል፤ ወይም ፊት ለፊት የሚገጥመው ደክሟል። እንግዳ ተቀባይ ከሆናችሁ ከመውጣታችሁ በፊት የዕለቱን የማረፊያ ሰዓት እንደገና ተመልከቱ፤ ለፓስፖርት ቁጥጥርና ለሻንጣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ጨምራችሁ በዚያ ሰዓት በሩ ላይ ተገኙ።